ከማመልከቻ በኋላ፣ ከመልስ በፊት፦ ኮሌጅ ለመምረጥ ስለ መዘጋጀት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በየካቲት ወር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ አንድ ሙሉ ንግግር የሚወጣው አይመስልም። ማመልከቻው ተልኳል፤ መልሱ ገና አልመጣም፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ስለ መጠበቅ ደግሞ ምን ይነገራል? ሆኖም ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች የሚያመለክቱ ተማሪዎችን ለዓመታት ሳማክር ደጋግሜ የታዘብሁት ነገር አለ። ተማሪው ለማመልከቻው ስድስት ወር ይደክማል። ስለ ራሱ የሚተርከውን ድርሰት አሥር ጊዜ ይጽፋል፤ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይቀመጣል፤ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉለት መምህራኑን ደጅ ይጠናል። ማመልከቻውን በላከ ማግስት ግን ነገሩን ሁሉ ከእጁ ያወጣዋል፤ «ከእንግዲህ የእነርሱ ፋንታ ነው» ይላል። መልሱ ሲደርስም የአራት ዓመት ሕይወቱን፣ አንዳንዴም የቤተሰቡን ጥሪት የሚነካ ውሳኔ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በደስታና በጭንቀት መካከል ሆኖ ይወስናል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ዝም ባለ ጊዜ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ ባይ ነኝ። ሥራው ግን ብዙዎች እንደሚያደርጉት ያመለከቱባቸውን ኮሌጆች በየቀኑ በደረጃ ማስቀመጥና ማፈራረቅ አይደለም። ደረጃ የሚወጣበትን ሕግ መጻፍ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ልሂድ።

ይህ አዳራሽ በሚገባ የሚያውቀው የምደባን ሥርዓት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ተማሪ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ውጤቱን፣ ምርጫውንና የተቋማቱን የመቀበል አቅም አይቶ ይመድበዋል። ቅጹ ከተሞላ በኋላ ተማሪው የሚመርጠው ነገር የለም፤ የሚጠብቀው ዕጣውን ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ያለው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ አስቀድሞ የሚመርጠው ኮሌጁ ነው፤ ተማሪው ከመረጡት ኮሌጆች መካከል የሚመርጠው ቆይቶ ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በታኅሣሥ ማብቂያ ግድም ይዘጋል፤ መልሱ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ይመጣል፤ ተማሪው ደግሞ በተለምዶ እስከ ሜይ 1፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 23፣ ቃሉን ይሰጣል። (አንድ ኮሌጅ ከተቀበለኝ ሌላውን ሁሉ እተዋለሁ ብለው አስቀድመው የፈረሙ፣ «ኧርሊ ዲሲዥን» በሚባለው መንገድ ያመለከቱ አሉ። እነርሱ ምርጫቸውን የጨረሱት ሲፈርሙ ስለሆነ የዛሬው ንግግር እምብዛም አይመለከታቸውም።)

እ.ኤ.አ. በ1962 ዴቪድ ጌል እና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ኮሌጅ ቅበላና ስለ ጋብቻ ጽኑነት አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። አስተሳሰቡ ቀላልና ውብ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በመጀመሪያ ምርጫው ያመልክት፤ ኮሌጁም ከአመልካቾቹ መካከል ኮታው የፈቀደለትን ያህል የተሻሉትን ለጊዜው ይያዝ፣ የቀሩትን ያሰናብት፤ የተሰናበቱት ወደሚቀጥለው ምርጫቸው ይሂዱ፤ ኮሌጁም አዲስ መጪዎቹን ቀድሞ ከያዛቸው ጋር አወዳድሮ እንደገና ይምረጥ። ይህ የሚሰናበት ተማሪ እስኪጠፋ ድረስ ቢደጋገም፣ በመጨረሻ «እኔ አንተን እመርጥ ነበር፤ አንተም እኔን ትመርጥ ነበር» የሚባባሉ ተማሪና ኮሌጅ ተለያይተው አይቀሩም። ሻፕሊ ከአልቪን ሮት ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ከተጠቀሱት ሥራዎች ዋናው ይህ ነበር። ጌል ግን አራት ዓመት ቀድሞ ሞቶ ነበር። የኒው ዮርክና የቦስተን ከተሞች ተማሪዎችን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚመድቡትም ከዚህ ሐሳብ በተወለደ ዘዴ ነው።

ይህን የማነሳው ለሒሳቡ ስል አይደለም። ዘዴው ቢሠራም፣ የእኛም የምደባ ቅጽ ቢሠራም፣ ሁለቱም አንድ ነገር እንደ ተፈጸመ ይቆጥራሉ፤ ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ያውቃል ይላሉ። ይህን እውቀት ከየት እንዳገኘው አይጠይቁም። የሚያስገርመው ደግሞ ጽሑፉ ስሙን የተዋሰው የአሜሪካ የኮሌጅ ቅበላ እስከ ዛሬ በዚህ ዘዴ አይሠራም። የማይሠራበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ እዚያ ተማሪው ሲያመለክት ዋጋውን አያውቅም። በዓመት 2,000 ዶላር የሚያስከፍለው ኮሌጅና 20,000 ዶላር የሚያስከፍለው ያው ኮሌጅ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ደብዳቤው ሲከፈት ነው። ስለዚህ በየካቲት ወር ቁጭ ብሎ «አንደኛ ይህ፣ ሁለተኛ ያ» ማለት ካልታየ ዕቃ ጋር መዋዋል ነው። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችለው ሕጉ ነው፦ እኛ ምን ያህል እንችላለን? የማንተወው ነገር ምንድን ነው? የምንተወውስ? በመጨረሻ ቃሉ የማን ነው?

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1772 ለወዳጁ ለጆሴፍ ፕሪስትሊ አንድ የታወቀ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ፕሪስትሊ አዲስ ሥራ ቀርቦለት ልቀበል አልቀበል እያለ ምክር ጠይቆታል። ፍራንክሊን የነገሩን ዝርዝር ስለማያውቅ ምን እንደሚወስን ሊነግረው እንደማይችል፣ እንዴት እንደሚወስን ግን ሊነግረው እንደሚችል ገልጾ፣ ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ከፍሎ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ምክንያት ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት እንዲመዘግብ መከረው። ቀናት ማለቱን ልብ በሉ። ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያስታውሰው በዚያ ሰዓት የሚያሞቀውን ወይም የሚያስፈራውን ብቻ ነው። የእናንተ ወረቀት ደግሞ ለመጻፍ ቀናት ብቻ ሳይሆን ሳምንታት አሉት።

ስለ ስም አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ሕጉን ሁሉ የሚያፈርሰው እርሱ ነው። የታወቀ ስም ያለው ኮሌጅ ደብዳቤ የላከ ዕለት ቤቱ ይሞላል፤ ጎረቤት ይመጣል፤ ዘመድ ከውጭ ይደውላል፤ እናት እልል ትላለች። ከዚያ በኋላ «ቆይ እስቲ፣ ሌላውን ደብዳቤ እንየው» የሚል ልጅ ጀግና ነው። ስም ከንቱ ነው አልልም። ስቴሲ ዴል እና አላን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በእጅጉ መራጭ በሆኑ ኮሌጆች ተቀባይነት አግኝተው ሌላ፣ ያን ያህል መራጭ ያልሆነ ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎች ኋላ ያገኙት ገቢ በአማካይ ከሌሎቹ ያነሰ እንዳልነበረ አሳይተዋል። ተማሪውን የሚያሻግረው ይዞት የሄደው ችሎታና ትጋት እንጂ የበሩ ስም አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት አንድ ልዩ ሁኔታ ተመዝግቧል፤ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች መራጩ ኮሌጅ ጥቅም ነበረው። በዚህ አዳራሽ ካሉት ብዙዎቻችሁን የሚመለከተው ይህ ልዩ ሁኔታ ስለሆነ፣ «ስም ምን ያደርጋል» የሚለውን የሀብታም ምክር እንዳለ እንድትወስዱት አልመክርም። ስም ዋጋ አለው፤ ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

በየዓመቱ የሚታተሙት የደረጃ ሠንጠረዦች ግን የዚህ ዋጋ መለኪያ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ታዋቂ ሠንጠረዥ ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። በአንድ ዓመት ውስጥ መምህራኑ አልተሰደዱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም አልተቃጠለም። የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ዩኒቨርሲቲው ለሠንጠረዡ የላካቸውን አኃዞች መርምሮ ጥያቄ በማንሳቱና ዩኒቨርሲቲውም ከአኃዞቹ አንዳንዶቹ ትክክል እንዳልነበሩ በማመኑ ነው። ያን ዓመት «ሁለተኛ የወጣው» ብሎ የመረጠና «አሥራ ስምንተኛ የወጣው» ብሎ የተወ ተማሪ ቢኖር ሁለቱም ያዩት አንድ ትምህርት ቤት ነው።

ሌላም የሚያስት ነገር አለ። ሰው ወደፊት ምን እንደሚያስደስተው ሲገምት የሚታየውን ነገር አብዝቶ ይመዝናል። ኤሊዛቤት ደን፣ ቲሞቲ ዊልሰን እና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በዕጣ ወደተለያዩ ማደሪያ ቤቶች የሚመደቡ ተማሪዎችን ይመለከታል። ተማሪዎቹ ጥሩ የሚባለው ሕንፃ ቢደርሳቸው በጣም እንደሚደሰቱ፣ መጥፎ የሚባለው ቢደርሳቸው እንደሚከፉ ገመቱ። ቆይቶ ሲጠየቁ ግን ደስታቸው ከተገመተው ይልቅ እጅግ የተቀራረበ ሆነ። ሲገምቱ ያተኮሩት በሕንፃውና በሚገኝበት ቦታ ላይ ነበር፤ አብረዋቸው የሚኖሩትን ሰዎች ግን አሳንሰው መዘኑ። እናንተም በኮሌጆቹ ድረ ገጽ የምታዩት ያረጀ ግንብ፣ አረንጓዴ ሜዳና የሚስቅ ወጣት ነው። በመጀመሪያው የበረዶ ወር ማታ ማታ የምታዋሩት ሰው በፎቶግራፉ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ። ረዘም አድርጌ እናገርበታለሁ።

የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ የሚባለው ወረቀት ሦስት ዓይነት ነገር በአንድ ዓምድ ይደምራል፦ የማይመለስ ስጦታ፣ የሚመለስ ብድር እና ተማሪው በካምፓስ ውስጥ ሠርቶ ያገኘዋል ተብሎ የታሰበ ደመወዝ። ሦስቱ ተደምረው ከሥር «ጠቅላላ ድጋፍ» ተብሎ ሲጻፍ ሁሉም ስጦታ ይመስላል። ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ማብቂያ ባወጣው ሪፖርት 91 በመቶ ያህሉ ኮሌጆች ተማሪው በእርግጥ የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ ወይ ጨርሶ አይገልጹም፣ ወይ አሳንሰው ይገልጻሉ ብሏል። ስለዚህ የተጣራውን ዋጋ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ከጠቅላላ ወጪው፣ ማለትም ከትምህርት ክፍያው፣ ከማደሪያው፣ ከምግቡ፣ ከመጽሐፉ፣ ከጤና መድኑና ከአውሮፕላን ቲኬቱ ድምር ላይ የማይመለሰውን ስጦታ ብቻ ቀንሱ። የቀረው የእናንተ ዕዳ ነው። ብድር ዕዳውን ያዘገያል እንጂ አይቀንስም።

ከዚህ ለሚሄድ ተማሪና እዚያ ለተወለደ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ላለው የወገናችን ልጅ ሒሳቡ ይለያያል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሚኒሶታ ያለ ልጅ የፌዴራል መንግሥቱን ቅጽ ሞልቶ፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ፔል የሚባለውን ስጦታ ያገኛል፤ ጣሪያው በቅርብ ዓመታት 7,395 ዶላር ነበር። በቤተሰቡ የሚተዳደር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም ከመንግሥት የሚበደረው እስከ 5,500 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የተጻፈ ብድር ካየ ወይ የወላጆቹ ነው፣ ወይ የግል ባንክ ነው፤ ወላጆቹ ከመፈረማቸው በፊት በአማርኛ ተተርጉሞ ሊነበብላቸው ይገባል። ከዚህ የሚሄደው ተማሪ ግን ከፌዴራል መንግሥቱ ምንም አያገኝም። ተስፋው የኮሌጁ የራሱ ገንዘብ ነው። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ እና አምኸርስት ያሉ ጥቂት ተቋማት የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ ይቀበላሉ፤ ከተቀበሉም በስሌታቸው የሚጎድለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ከእነርሱ ውጭ ባሉት በአብዛኞቹ ዘንድ የቤተሰብ አቅም ከቅበላው ውሳኔ ጋር አብሮ ይታያል፤ ተቀባይነት አግኝቶ ገንዘቡ ጎድሎ መቅረትም የተለመደ ነው።

አንድ ያማከርኋት ተማሪ የገጠማትን ልንገራችሁ፤ አኃዞቹን ለማስላት እንዲመች አጠጋግቼአቸዋለሁ። አባቷ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በየካቲት ወር፣ ምንም መልስ ሳይመጣ፣ ከአባቷና ከእናቷ ጋር ተቀምጣ አንዲት ወረቀት ጻፉ፤ ቤተሰቡ በዓመት ሊሸከም የሚችለው 4,000 ዶላር ነው፣ ቤቱ አይሸጥም፣ የታናሽ ወንድሟ ትምህርት አይነካም የሚል። በመጋቢት ሁለት ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ስሙ በሁላችንም ዘንድ ከሚታወቅ፣ በትልቅ ከተማ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጠቅላላ ወጪው 84,000፣ ስጦታው 68,000፣ ጉድለቱ 16,000 ዶላር። ሁለተኛው በመካከለኛው ምዕራብ ካለ፣ ማንም ከማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ወጪው 66,000፣ ስጦታው 62,500፣ ጉድለቱ 3,500።

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አጎቷ ደወሉና «ጉድለቱን እኔ እችለዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ስም ተገኝቶ ይጣላል እንዴ?» አሉ። አጎትየው ቃላቸው እውነተኛ ነበር፤ ይህን እንድትጠራጠሩ አልፈልግም። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን ሠራነው። 16,000 በአራት ሲባዛ 64,000 ነው፤ ይህ ግን ምንም ካልጨመረ ነው። ዋጋው በየዓመቱ በ4 በመቶ ቢያድግና ስጦታው ባለበት ቢቆም፣ በሁለተኛው ዓመት ጉድለቱ 19,360፣ በሦስተኛው 22,854፣ በአራተኛው ከ26,000 በላይ ይሆናል። ድምሩ ከ84,000 ዶላር ያልፋል። የዋጋው ጭማሪ ትንሽ ቢመስልም የሚያርፈው ሙሉ በሙሉ በጉድለቱ ላይ ስለሆነ፣ አራት በመቶ የሚባለው ለቤተሰቡ በሁለተኛው ዓመት ብቻ ሃያ አንድ በመቶ ነው። አጎትየው ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የመጀመሪያው ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ይገባል። የሚተዳደሩት በታክሲ ነው።

ልጅቷ ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ የገንዘብ ድጋፍ ክፍል የሁለተኛውን ደብዳቤ አያይዛ በትሕትና እንደገና እንዲያዩላት ጻፈች። እንዲህ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የተለመደ አሠራር ነው። 3,000 ዶላር ጨመሩላት። ጉድለቱ 13,000 ሆነ። በቤተሰቡ ስብሰባ ላይ አባትየው የየካቲቷን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና ጮክ ብለው አነበቧት። ያንን ጽሑፍ የጻፈው ደስታም ሐዘንም ያልነካው ሰው ስለነበር የሚከራከረው አልተገኘም። ሁለተኛው ኮሌጅ ሄደች። ደስ ብሏታል ወይ ብትሉኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቸኝነት አክብዶባት እንደነበር ነግራኛለች፤ ስሙን የጠራችለት ሰው ሁሉ «የት ነው እርሱ?» እንደሚላትም እንዲሁ። ወንድሟ ግን ትምህርቱን አላቋረጠም።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለአማካሪዎች የሚጠቅመው ጥያቄው ነው። ኮሌጁን በጽሑፍ ልትጠይቁት የሚገባ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ዋጋው ሲጨምር ስጦታው አብሮ ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆማል? ቀጥሎም፦ ስጦታው ለአራቱም ዓመት ነው ወይስ ለመጀመሪያው ብቻ? እንዳይቋረጥ የሚጠየቀው አማካይ ውጤት ስንት ነው? የጤና መድኑ ተቆጥሯል? ማደሪያው በገና ዕረፍት ሲዘጋ የውጭ አገር ተማሪ የት ያድራል? የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ታኅሣሥ ላይ ሻንጣውን ይዞ ዘመድ የሚፈልግ ልጅ ግን ተራ አይለውም። «ሠርቶ ይሞላዋል» የሚለውንም ስሌት በልኩ ያዙት፤ በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት በካምፓስ ውስጥ ሊሠራ የሚፈቀድለት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከካምፓስ ውጭ መቀጠር አይችልም።

ስለ ትምህርቱ የሚጠየቀውን ባጭሩ ልለፈው፤ መምህራን ከእኔ የተሻለ ትነግሯቸዋላችሁ። ወደምፈልገው የትምህርት ክፍል በቀጥታ ገብቻለሁ ወይስ በኋላ እንደገና እወዳደራለሁ? በአንዳንድ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒዩተር ሳይንስና ምሕንድስና የራሳቸው በር አላቸው፤ በዩኒቨርሲቲው መግባት በክፍሉ መግባት አይደለም። በእኛ አገር ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ያለውን የትምህርት ክፍል ምደባ የሚያውቅ ይህን አይስተውም። የምረቃውን መጠን ስትጠይቁም፣ ለአራት ዓመቱ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው አኃዝ በስድስት ዓመት ውስጥ የተመረቁትን የሚቆጥር መሆኑን አውቃችሁ በአራት ዓመት የተመረቁትን ለይታችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁትም ኮሌጁ የመረጠላችሁን አስተዋዋቂ ተማሪ ብቻ አይሁን፤ ከተቻለ ከአገራችን ወይም ከጎረቤት አገር የሄደ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገና እንግዳ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ረስቶታል።

ኤምባሲውም የምርጫው አካል ነው። ቪዛ ለመጠየቅ ኮሌጁ አይ-20 የሚባለውን ሰነድ መስጠት አለበት፤ ያንን የሚሰጠውም ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን በማስረጃ ሲያይ ነው። ከዚያ 350 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ አለ፤ ከዚያ የቪዛው ክፍያ፣ ከዚያ ቃለ መጠይቁ። በአሜሪካ ሕግ ጠያቂው ተመልሶ የሚሄድ መሆኑን እስኪያሳምን ድረስ ሊቀር እንደሚፈልግ ሰው ይቆጠራል። የጉድለቱ ገንዘብ በአጎት የባንክ ደብተር ላይ ብቻ ያለ ተማሪና ኮሌጁ ሁሉን የሸፈነለት ተማሪ በመስኮቱ ፊት እኩል አይቆሙም። ፓስፖርቱን፣ የልደት ማስረጃውንና የባንክ ወረቀቱን አሁን፣ በየካቲት፣ አዘጋጁ፤ በግንቦት ወረፋ ላይ አትሁኑ። የቦታ ማስያዣ ክፍያ ከከበዳችሁ እንዲነሣላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በሁለት ቦታ አስይዞ መቆየት ግን ሌላ ልጅ የሚጠብቀውን ወንበር መያዝ ነው። በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያላችሁም እስከ ሚያዝያ 23 የተረጋገጠ ቦታችሁን ያዙ፤ ተጠባባቂነት ቃል ኪዳን አይደለም።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ላንሣ። ወደ ውጭ ያመለከተ ተማሪ የአገሩን ፈተና ችላ ይላል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ይህን ፈተና በሚገባ ማለፍ ለውጭው ምርጫ ዝግጅት ነው የምለው ለማስደነቅ አይደለም። እምቢ ለማለት የማይችል ሰው መራጭ አይባልም። በእጁ የአገር ቤት ቦታ ያለው ልጅ 13,000 ዶላር የሚጎድለውን ደብዳቤ አይቶ «አመሰግናለሁ፤ አልችልም» ሊል ይችላል። ሌላ በር የሌለው ልጅ ግን ማንኛውንም ደብዳቤ፣ በማንኛውም ዋጋ፣ ይፈርማል፤ አባቱም ቤቱን ይሸጣል። ያየሁት ነው።

ይህ ደግሞ ወደ እኛ፣ ወደ መምህራኑ ያመጣኛል። ከተቀበሉ በኋላ መምረጥ የውጭ አገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ከወጣ ወዲህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ ሌሎችም ሊከተሉ ነው፤ የግል ኮሌጆችም አሉ። ነገ አንድ ተማሪ የሁለት የአገር ውስጥ ተቋማት ደብዳቤ ይዞ ወደዚህ ግቢ ቢመጣና «በእናንተ የትምህርት ክፍል ከገቡት ስንቱ በጊዜው ተመረቀ? የመውጫ ፈተናውን ስንቱ አለፈ? ቤተ ሙከራው በሳምንት ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የምናሳየው አንድ ገጽ አለን? የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው፤ ውጤቱ በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ ለአመልካች መታየት አለበት የሚል አቋም አለኝ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ደካማ ክፍሎችን ያሳፍራል ይሉኛል። ሊያሳፍር ይችላል። ያልታየው ድካም ግን የሚያርፈው ሳያውቅ በገባው ልጅ ላይ ነው። ሌሎች አገሮች የተጣራ ዋጋቸውን ይደብቃሉ ብዬ ስናገር የእኛን ዝምታ ብተወው ሚዛኔ የተዛባ ይሆናል።

ለወላጆች አንድ ቃል ብቻ። ወረቀቷን ከልጆቻችሁ ጋር ስትጽፉ አቅማችሁን በቁጥር ንገሯቸው። በእኛ ባህል የቤት ገመና ለልጅ አይነገርም፤ ልጁም «አባቴ ያውቃል» ብሎ ይተማመናል፤ አባትም ልጁን ላለማሳዘን የሌለውን «አለ» ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የቤቱን ገቢ ቢያውቅ አይጎዳም። የማያውቀውን ጣሪያ እንዲያከብር መጠበቅ ግን አይቻልም። የመጨረሻው ቃል የማን እንደ ሆነም በዚያችው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የልጁ ከሆነ የልጁ፣ የሦስታችሁም ከሆነ የሦስታችሁ። ከውጭ የሚደውል ዘመድ ምክር ይስጥ፣ ይመስገንም፤ ድምፅ ግን ያለው በወረቀቷ ላይ ስሙ ያለ ሰው ነው።

መልሶቹ ከመምጣታቸው በፊት አምስት ሳምንት ያህል አላችሁ። የደብዳቤ ናሙናዎችን ስምና አድራሻቸውን አጥፍቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ በመውጫው ጠረጴዛ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። የተጣራውን ዋጋ ራሳችሁ አውጡትና በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮዬ አምጡልኝ፤ አንደኛው ደብዳቤ ውስጥ ብድር «ሽልማት» ተብሎ ተጽፎአል፤ የቱ እንደ ሆነ አልነግራችሁም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።